አባቴ በመኪና ተገጭተው ቀኝ እጃቸው ተጎዳ፤ 40,000 ብር ተቀብለን እንፈርም ወይስ እንክሰስ?

የአናጢው ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፤ በትዕግሥት አንብባችሁ የምታውቁትን እንድትነግሩኝ እለምናለሁ።

አባቴ አናጢ ናቸው፤ 54 ዓመታቸው ነው። አምና ኅዳር 9 ቀን ጣውላ መሸጫው በር ላይ ቆመው ዕቃ ሲያስጭኑ አንድ ፒካፕ ወደ ኋላ ሲመጣ ከግድግዳው ጋር አጣበቃቸው። ቀኝ እጃቸው ከክርን በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ ብረት ገባላቸው፣ አምስት ወር ሙሉ ቤት ዋሉ። አሁን አጥንቱ ገጥሟል፤ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ግን አይገናኙም። መላጊያ የሚያዘው በእነዚያ ሁለት ጣቶች ነው። ባለፈው ሳምንት መሮ ሊስሉ ሲሞክሩ ሦስት ጊዜ ከእጃቸው ወደቀ፤ ሦስተኛውን አላነሡትም፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። የሐኪሞች ቦርድ 35 በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት ብሎ ጽፎላቸዋል።

መኪናውን ይነዳ የነበረው ተቀጣሪ ሾፌር ነው። ባለቤቱ ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌ ልከው «40,000 ብር ውሰዱና ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም ብላችሁ ፈርሙ» አሉን። «እኔ መኪናው ውስጥ አልነበርኩም፣ የምሰጠውም ለነፍሴ ብዬ ነው» ይላሉ። ሾፌሩ በወንጀል ተከሶ ማስረጃ ጎደለ ተብሎ በነፃ ተለቋል። ሽማግሌዎቹም «ወንጀሉ ከወደቀ ካሳ የሚባል ነገር የለም» ብለውናል።

ለሕክምና ያወጣነው 61,400 ብር ከዘመድ የተበደርነው ነው። እናቴ ብሩን ተቀብለን ዕዳ እንቅረፍ ትላለች። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመለሳሉ። ምን እናድርግ?

ጎረቤት
እህቴ፣ እግዜር አባትሽን ይማርልሽ። እኔ የምመክርሽ ተቀበሉ ነው። ወንድሜ በአንድ የመሬት ጉዳይ አራት ዓመት ተመላልሷል። ቀጠሮ፣ መጥሪያ አልደረሰም፣ ዳኛ ተቀየረ፣ እንደገና ቀጠሮ። በእጅ ያለ ብር ይሻላል። ደግሞ የሰፈር ሰው ናቸው፣ ነገ በለቅሶም በሠርግም ትገናኛላችሁ።

ችሎት ዘወትር
ጠበቃ ነኝ፤ ከመኪና አደጋ የሚመጡ የካሳ ክሶችን ለ11 ዓመት ይዣለሁ። እህቴ፣ እሑድ ምንም ነገር እንዳትፈርሙ። ሽምግልናን ጠልቼ አይደለም፣ ብዙ ጉዳዮቼ ያለቁት በእርቅ ነው። ግን የጠፋባችሁን ሳትቆጥሩ እርቅ አትቀመጡ።

መጀመሪያ «ወንጀሉ ከወደቀ ካሳ የለም» የሚለውን እናንሣ። ይህ በየሰፈሩ የሚነገር ነገር ነው፤ ስንት ሰው ባዶ እጁን እንዳስቀረ ብነግርሽ ታዝኚያለሽ። ወንጀልና ፍትሐ ብሔር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በወንጀል ችሎት ዐቃቤ ሕግ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ይቀጣ ወይ?» ብሎ ነው። በፍትሐ ብሔር ችሎት የምትጠይቂው አንቺ ነሽ፤ «የጎደለብን ይተካ» ነው የምትይው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2149 የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ዳኛ በወንጀል ችሎት የነፃ መለቀቅ ውሳኔ እንደማይታሰር ያስቀምጣል።

ሁለተኛ፣ «መኪናው ውስጥ አልነበርኩም» የሚለው ነገር። ሕጉ ከውል ውጭ የሚመጣን ኃላፊነት በሦስት በር ያስገባል። አንደኛው ጥፋት ነው፦ አንቀጽ 2028፣ በጥፋቱ ሰውን የጎዳ ይካሳል። ሾፌሩ በዚህ ይገባል። ሁለተኛው ያለ ጥፋት የሚመጣ ኃላፊነት ነው፤ የእናንተ ዋና በር ይህ ነው። አንቀጽ 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ አጥፍተዋል ብላችሁ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። መኪናው የእሳቸው መሆኑንና ጉዳቱ የደረሰው በዚያ መኪና መሆኑን ካሳያችሁ ይበቃል። መኪናው በዚያን ሰዓት ተሰርቆብኝ ነበር ካሉ፣ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው ራሱ ነው ብለው ካስረዱ ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛው በር ለሌላ ሰው ጥፋት መጠየቅ ነው፤ አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላጠፋው (አንቀጽ 2130)፣ አባት ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጁ።

የመኪናው መድን ድርጅትም አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። መድኑ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው የሚያልፈው በባለቤቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ክሱ ላይ ሾፌሩንም፣ ባለቤቱንም፣ መድን ሰጪውንም በአንድ ላይ ጥሩ።

እነዚህን መልሽልኝ፦ አባባ በፊት በወር ምን ያህል ያገኙ ነበር? ማስረጃስ አለ? የትራፊክ ፖሊስ ያነሣው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ቅጂ እጃችሁ ላይ አለ?

የአናጢው ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ፕላኑ ቅጂ አለን። ገቢያቸው በቀን 900 ብር ገደማ ነበር፣ በወር 22 ቀን ያህል ይሠራሉ። ግን ደመወዝተኛ አይደሉም፤ ማን ይመሰክርልናል? ፔሮል የለ፣ ባንክ የለ።

ችሎት ዘወትር
እንግዲህ አብረን እንቁጠር።

ሕጉ ጉዳትን በሁለት ትልልቅ ክፍሎች ያያል፤ ቁሳዊ ጉዳትና የኅሊና ጉዳት፤ ሰው ሁለተኛውን የሞራል ካሳ ይለዋል። ቁሳዊው ከኪስ የወጣው፣ የቀረባችሁ ገቢና ወደ ፊት የሚቀርባችሁ ነው። መርሑ አንቀጽ 2091 ነው፦ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሆናል። አያተርፍም፣ አያጎድልም።

ከኪስ የወጣው 61,400። ደረሰኙን ሁሉ ሰብስቡ፤ የመድኃኒቱንም፣ የራጁንም፣ የታክሲውንም። የተበደራችሁት መሆኑ ለውጥ አያመጣም።

የቀረው ገቢ፦ 900 በ22፣ በወር 19,800 ብር። አምስት ወር ቤት ውለዋል፣ 99,000 ብር።

ወደ ፊት የሚቀረው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። አንቀጽ 2092 መድረሱ የተረጋገጠ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል ይላል። ፍርድ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያሰሉት የዓመት ገቢን በጉዳቱ መቶኛ፣ ከዚያም በቀሩት የሥራ ዓመታት አባዝተው ነው። የዓመት ገቢያቸው 237,600 ነው። 35 በመቶው 83,160። ከአልጋ ከተነሡበት ጀምሮ እስከ 60 ዓመታቸው ስድስት ዓመት ብንል 498,960 ብር።

ሦስቱ ሲደመሩ 659,360 ብር ነው። የቀረበላችሁ 40,000 ነው።

ፍርድ ቤት ይህን ሁሉ ይፈርዳል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈል ይቀንሰዋል፣ ገቢው በዝቷል ይላል፣ ሌላም ነገር ያያል። ነገር ግን ሌላም ጎን አለው። የሐኪሞቹ 35 በመቶ የአካልን ጉዳት እንጂ የሙያን ጉዳት አይለካም። ለአንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁለት ጣት አለመገናኘት ሥራውን አያስተወውም። ለአናጢ ግን ቀኝ አውራ ጣቱ ሙያው ነው። ይህን በክሱ ላይ ጻፉት፣ ሌላ አናጢ ምስክር አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ መላጊያ እንዴት እንደሚያዝ ለዳኛው ያሳይ።

ስለ ማስረጃው አትስጊ። አንቀጽ 2102 የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ብሎ ባመነበት ልክ ይወስነዋል ይላል። ግን ርትዕም መነሻ ይፈልጋል። አባባ የደንበኛ ሒሳብ የሚጽፉበት ነገር የለም?

የአናጢው ልጅ
አለ! ደብተር አላቸው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ በአናጢ እርሳስ የተጻፈ። «ቁም ሳጥን፣ የፋርማሲው ሰውዬ፣ ቀሪ 2,500» እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ማስረጃ ይሆናል ብዬ አስቤም አላውቅም ነበር።

ችሎት ዘወትር
ያ ደብተር ከምስክር ሁሉ ይበልጥብኛል። ከአደጋው በፊት፣ ክርክር ሳይታሰብ፣ ለራሱ ሲል የጻፈው ነው። ከደንበኞቹ ሁለቱን ምስክር አድርጉ።

ሜሪላንድ ነኝ
እዚህ አሜሪካ ሃያ ዓመት ሆነኝ። የዘመዴን ልጅ መኪና ገጭቶት ጠበቃው የተከፈለው ካሳው ሲገኝ ከካሳው ላይ ተቆርጦ ነው። እዚህ ከቁሳዊውና ከሕመሙ ካሳ ሌላ በአብዛኞቹ ግዛቶች አጥፊውን ለመቅጣት የሚፈረድ ተጨማሪ ገንዘብ አለ። ለምን በእኛ አገር እንዲህ አይጠየቅም? ባለቤቱ ሀብታም ከሆኑ ሁለት ሚሊዮን ይጠየቁ።

ችሎት ዘወትር
ወንድሜ፣ የእኛ ሕግ የተረቀቀው በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነው፤ መንገዱም የአውሮፓ አህጉር የሕግ ወግ ነው። በዚያ ወግ ካሳ ጉዳትን ይተካል እንጂ አይቀጣም፤ ቅጣት የወንጀል ሕግ ሥራ ነው። የከሳሹ ሀብት ወይም የተከሳሹ ሀብት የካሳውን ልክ አያሳድገውም። ሁለት ሚሊዮን ብለን ብንጽፍ የዳኝነቱ ክፍያ በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ስለሚሰላ ቤተሰቡ ላይ ይወድቃል፣ ዳኛውም ጠቅላላ ክሱን በጥርጣሬ ያየዋል።

አሜሪካም ቢሆን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። በኒው ሜክሲኮ አንዲት የ79 ዓመት አዛውንት በማክዶናልድስ ቡና የተቃጠሉበትን ጉዳይ ሁሉም ሰው «ሚሊዮን አገኙ» ይለዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ለጉዳታቸው የወሰነው 200,000 ዶላር ነበር፤ የእሳቸው ጥፋት 20 በመቶ ነው ብሎ ወደ 160,000 አወረደው። ለቅጣት 2.7 ሚሊዮን ብሎ ነበር፣ ዳኛው ግን ወደ 480,000 ዝቅ አደረገው። መጨረሻ ላይም በስምምነት አለቀ።

ያቺ 20 በመቶ ለዚህ ጉዳይም ትጠቅማለች። በእኛም ሕግ ተጎጂው ራሱ በጉዳቱ ላይ ድርሻ ካለው ካሳው በዚያ ልክ ይቀንሳል (አንቀጽ 2098)። የባለቤቱ ጠበቃ መጀመሪያ የሚለው «ሰውዬው መኪና ማዞሪያ ላይ ቆሙ» ነው። ስለዚህ እህቴ፣ አባባ የት እንደቆሙ፣ መኪናው ረዳት ነበረው ወይ፣ ጥሩምባ ነፋ ወይ፣ የነበሩትን ሰዎች አሁኑኑ ጠይቂ። ሰው ይረሳል።

ሜሪላንድ ነኝ
ገባኝ። አመሰግናለሁ። ስለ ቡናው እኔም እስካሁን ሚሊዮን ነው የምለው።

የወንድሜ ነገር
ስለ ሞራል ካሳ ማንም አላነሣም፤ እኔ ላንሣው። ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ ሞተ። ለእናቴ ለኅሊና ጉዳት የተፈረደላት 1,000 ብር ነው። አንድ ሺህ። ፍርዱ ሲነበብ አጠገቧ ነበርኩ። ጠበቃችን «ሕጉ ነው፣ ዳኛው ምንም ማድረግ አይችልም» አለኝ። ልጇን በ1,000 ብር ገመቱት ብላ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። ይህን የማታውቁ እወቁት።

ችሎት ዘወትር
እህቴ ወይም ወንድሜ፣ እግዚአብሔር እናታችሁን ያጽናናቸው። ያልከው እውነት ነው። አንቀጽ 2116 ንዑስ ቁጥር 3 የኅሊና ጉዳት ካሳ በምንም መልኩ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር የብዙ ወር ደመወዝ ነበር። ቁጥሩ እዚያው ቆመ፤ ብሩ ወረደ። ከዚህ ሕግ ውስጥ አንድ ንዑስ ቁጥር ብቻ አሻሽል ብባል ይህንን ነው የማሻሽለው፤ ደጋግሜ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ለሌሎቹ ልናገር። ያ ጣሪያ የኅሊና ጉዳትን ብቻ ነው የሚመለከተው። ብዙ ቤተሰብ «ለሞተ ሰው ካሳው 1,000 ብር ነው» ብሎ ሰምቶ ሳይከስ ይቀራል። ሟቹ ያስተዳድራቸው የነበሩ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በአንቀጽ 2095 በራሳቸው ስም የቁሳዊ ጉዳት ካሳ፣ ይኸውም የቀረባቸውን መተዳደሪያ መጠየቅ ይችላሉ። በዚያ ላይ የ1,000 ብር ጣሪያ የለም። ወንድምህ እናትህን ይረዳ ከነበረ ይህ ተጠይቆ ነበር?

የወንድሜ ነገር
አልተጠየቀም። በየወሩ የሚልክላት ገንዘብ ነበር። ማንም አልነገረንም። ሦስት ዓመት አለፈው።

ችሎት ዘወትር
ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ እንደ ደንቡ ሁለት ዓመት ነው፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ (አንቀጽ 2143)። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ግን ረጅሙ ይሠራል። መዝገቡ ሳይታይ ተስፋ አትቁረጥ፤ ግን የመጀመሪያው ፍርድ ምን ምን እንደተጠየቀበት ማየት ያስፈልጋል። ፍርዱን ይዘህ በአቅራቢያህ ያለ ጠበቃ ጋ ሂድ፣ በዚህ ሳምንት።

የአናጢው ልጅ
የእኛ ስንት ቀረው ማለት ነው? ከተጎዱ 15 ወር ሆኗል።

ችሎት ዘወትር
ዘጠኝ ወር አላችሁ። ረጅሙን ይርጋ አትመኑ፤ ሾፌሩ ነፃ ስለተባለ ወንጀል ነው አይደለም በሚለው ላይ ራሱን የቻለ ክርክር ይነሣል። በሁለት ዓመቱ ውስጥ ክፈቱ። ሽማግሌ የሚመላለስባቸው ወራትም ይቆጠራሉ፤ አንዳንድ ባለመኪና «እንታረቃለን» እያለ ሁለቱን ዓመት ሲያስቆጥር አይቻለሁ።

የብረት በር
ይቅርታ፣ ከርእሱ ትንሽ ወጣ ልበል። እኔን የጎዳኝ ሰው በውል ነው። ለሱቄ የብረት በር እንዲሠራልኝ ለአንድ በያጅ 15,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ፤ በ20 ቀን አስረክባለሁ ብሎ ሦስት ወር አለፈው። ሱቁ ተዘግቶ ኪራይ እየከፈልኩ ነው። ይህም ካሳ አለው?

የሕግ ተማሪ፣ ሦስተኛ ዓመት
ጠበቃው እስኪመለስ የተማርኩትን ልበል። ያንተ ከውል የሚመነጭ ኃላፊነት ነው፤ ደንቦቹ ሌላ ናቸው። በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስጠው፣ በጽሑፍ፣ ቀን ቆርጠህ (አንቀጽ 1772)። ከዚያ እንዲፈጽም ማስገደድ ወይም ውሉን መሰረዝ ትችላለህ፤ ከሁለቱም ጋር ካሳ ይጠየቃል። ልኩ በአንቀጽ 1799 በዚህ ዓይነት ውል አለመፈጸም በተለመደው አኳኋን የሚደርሰው ጉዳት ነው። ከዚያ በላይ ከፈለግህ ውሉን ስትዋዋል ያለህን ልዩ ሁኔታ ነግረኸው እንደነበር ማሳየት አለብህ (አንቀጽ 1801)። ለምሳሌ «በዚህ ቀን ሱቁን ካልከፈትኩ ይህን ያህል ዕቃ ይበላሽብኛል» ብለህ ነግረኸው ነበር?

ቀብዱን በተመለከተ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል (አንቀጽ 1885)። ግን ያ ውሉን እተዋለሁ ላለ ነው፤ ለዘገየ በያጅ ይሠራል ለማለት እኔ አልደፍርም።

ችሎት ዘወትር
ተማሪው በደንብ ብሎታል፣ ይበርታ። አንድ ልጨምር፦ ሱቁ ሦስት ወር ተዘግቶ አንተ ዝም ብለህ ተቀምጠህ ከሆነ ያ ይጎዳሃል። አንቀጽ 1802 ባለመብቱ ያለ ብዙ ወጪ ጉዳቱን መቀነስ እየቻለ ካልቀነሰ ካሳው ይቀንስበታል ይላል። ማስጠንቀቂያውን ዛሬ ስጥ፣ ቀኑ ሲያልፍ ሌላ በያጅ አሠራ፣ ልዩነቱን ጠይቅ። ለወደ ፊቱ ደግሞ ውልህ ላይ «ለሚዘገይበት ለእያንዳንዱ ቀን ይህን ያህል መቀጫ» ብለህ ጻፍ፤ ያኔ የጉዳትህን ልክ ለማስረዳት አትደክምም።

ጎረቤት
እኔ ቀድሜ ተቀበሉ ብዬ ነበር። አሁን ቁጥሩን ሳየው ሐሳቤን ለውጫለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ 40,000ውን አሁን ወስደው ቀሪውን በኋላ ቢከሱስ?

ችሎት ዘወትር
ፊርማው ላይ የተጻፈው ነገር ይወስነዋል። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም» ብለው ከፈረሙ የግልግል ስምምነት ነው። በአንቀጽ 3312 በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ይጸናል፤ ሕጉን ባለማወቄ ተሳሳትኩ ማለትም አያፈርሰውም። ገንዘቡን መቀበል ካስፈለጋቸው ወረቀቱ «ለሕክምና ወጪ በቅድሚያ የተከፈለ፣ የቀረው ጥያቄ እንደተጠበቀ ሆኖ» ይበል። ባለቤቱ በዚህ አልፈርምም ካሉ ገንዘቡ «ለነፍሴ» የተባለው ለምን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይረዱታል።

የአናጢው ልጅ
ከእሑዱ ልመለስ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ እናቴ ቡና አፈላች። እኔ ስሌቱን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ አባቴ ራሳቸው ማንበብ እፈልጋለሁ አሉ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ፣ በግራ እጃቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና «ይህን እኛ አላወቅንም» አሉ። ለባለቤቱ ሄደው ነገሯቸው። ባለቤቱ 150,000 ደርሰዋል፤ መድን ድርጅቱንም ማነጋገር ጀምረዋል። አባቴ «በዚህ አልፈርምም፣ ግን በሩን አልዘጋም» አሉ።

ክሱንም እያዘጋጀን ነው። የዳኝነት ክፍያው ግን ከበደን። ምን ይደረጋል?

ችሎት ዘወትር
በደሃ ደንብ ለመክሰስ አመልክቱ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። የንብረታችሁን ዝርዝር ከመሐላ ጋር ታቀርባላችሁ፣ ችሎቱ አቅም የላቸውም ካለ ክፍያው ሳይቀድም መዝገቡ ይከፈታል። ጠበቃ የምታቆሙበት ገንዘብ ከሌለም የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች በነፃ የሚያግዙባቸው ማዕከላት አሏቸው፤ ፕላኑን፣ የቦርዱን ወረቀትና ደረሰኞቹን ይዛችሁ ሂዱ።

የአናጢው ልጅ
እሺ። እናቴ ደብተሮቹን ከአልጋ ሥር ካለው የጣውላ ሳጥን አወጣች። ሦስት ናቸው። የአንዱ የመጨረሻ ገጾች ረጥበው ተጣብቀዋል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ደህና ናቸው። ነገ ልሰጣቸው ነው።

ችሎት ዘወትር
ዋናውን ለማንም አትስጪ። ፎቶ ኮፒ አድርጊና ኮፒውን ከክሱ ጋር አያይዢ፤ ዋናውን ቀጠሮ ቀን ይዛችሁ ቀርባችሁ ለችሎቱ አሳዩ። የተጣበቁትን ገጾች ደግሞ በጉልበት አትለያዩአቸው፤ ጥላ ቦታ ይድረቁ።